ከካርቦኑ ጎን የነበረችው ጉብታ

ቬስፕሬም፣ እሑድ ኖቬምበር 13 ቀን 1994

ለካልማን፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ፣ ያ ብርድ ሲገባ የሚነሣብህ ሳልስ? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ እሺ ይለኛል። ከተማችንም እንደምታውቃት ናት፤ ነፋሱ ሲያርፍ ደወሉ ይጀምራል፣ ደወሉ ሲያርፍ ነፋሱ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤትን የጭስ መውጫ ቆርቆሮ ገንጥሎ እኛ ጓሮ ጣለው። "እኛ ጓሮ" ስል እኔ ጓሮ ማለቴ ነው። ልማድ ነው።

ይህ ሦስተኛ ሙከራዬ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ እንደ ቴሌግራም አጠረብኝ፤ ሁለተኛው ይቅርታ የሚለው ቃል በዝቶበት እኔኑ ሰለቸኝ፣ ቀደድኩት። የዛሬውን እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ። ከተዘበራረቀብህ፣ ጭንቅላቴም እንዲሁ ተዘበራርቆ ስለሆነ ነው።

በዚህ ሰሞን ከተቋሙ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይመጣልሃል። ካልከፈትከው ትንሽ አቆየው። ከፍተኸው ከሆነም ምንም አይደለም፤ የእኔን ግን ሳትጨርስ አትጣለው። በየገናው በምትልክልኝ ካርድ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የምትጽፈው፤ "ደኅና ነኝ፣ ፍሪጅ እጠግናለሁ፣ ጎተቦርግ ይዘንባል።" እኔም አንድ መስመር እመልሳለሁ። አሥር ገና፣ አሥር መስመር። ዛሬ ግን በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም የያዝኩት።

አሁንም እዚያው ምድር ቤት ነው የምሠራው። በጁን ጡረታ እወጣለሁ። ድስቱም አለ። ሰዎቹ አየሩን መጥጠን ባዶ የምናደርገውን ያንን የብረት ጋን ዛሬም ድስቱ ነው የሚሉት፤ ስሙን አንተ እንዳወጣህለት ግን የሚያውቅ አልቀረም። ፓምፖቹ ተቀይረዋል። በብዕር ወረቀት ላይ የሚስለው መሣሪያ ሄዶ ኮምፒውተር መጥቷል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የድስቱን ድምፅ ሰምቼ ነው የማውቀው፤ ሲያፈስ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል።

ባለፈው ዓመት አንዲት የዶክትሬት ተማሪ መጣችብኝ፣ ሬካ ትባላለች፣ የፓፓ ከተማ ልጅ ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፏ የማያርፍ። ፖጋቻዋን፣ ያንን ጨዋማ ትንሽ ዳቦ፣ መዝገቡ ላይ ትበላና ፍርፋሪውን እኔ እጠርጋለሁ። መጀመሪያ ላይ አልወደድኳትም ነበር። "ማሽኑ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ነው የሚሰማው እትዬ ቪልማ፤ እስቲ እርስዎ ይቆጡልኝ" ስትለኝ ግን መሳቅ ጀመርኩ። አሁን ስትቀር ቤቱ ይጨልምብኛል።

የያዘችው ሥራ ይኸውልህ። የፓላዲየም ዝርግ ላይ ፖታሲየም በስሱ ታለብሳለች፣ ኦክስጅን ታቀምሰዋለች፣ ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትለቅበትና ምን እንደሚሆን ትጠብቃለች። አንድ ቀን "ለምንድን ነው በዚያ ንጹሕ ብረት ላይ ይህን ቆሻሻ የምትጨምሪበት?" አልኳት።

"ቆሻሻ አይደለም። ቸር ነው" አለችኝ። "ፖታሲየም ያለችውን ኤሌክትሮን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ባዶ እጁን የሚቀር ዓይነት ነው። ፓላዲየሙ ይቀበልና ለሚያርፍበት ጋዝ ያቀብላል። ጋዙ ደግሞ ያልለመደውን ሸክም ሲሸከም ወገቡ ይጎብጣል። ከጎበጠ በኋላ መሰንጠቅ ቀላል ነው። ኦክስጅኑ ሲጨመር ፖታሲየሙ ኦክሳይድ ይሆንና ይጣበቃል፣ ሙቀት እንኳ በቶሎ አያባርረውም።"

አባቴ ትዝ አለኝ። ፔት ባለው የማዳበሪያ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ "ብረት ብቻውን ሰነፍ ነው፤ አመድ ካላቀመሱት አይነቃም" ይል ነበር። አመድ የሚለው እዚያ ምድጃ ውስጥ ከብረቱ ጋር የሚቀላቅሉትን ፖታሽ ነው። ለሬካ ስነግራት "እንግዲህ ዶክትሬቱን አባትዎ ወስደውብኛል፣ እኔ ፓፓ ገብቼ ፖጋቻ ልጋግር" አለች።

ከዚያ ሳታስበው አንድ ነገር ተናገረች። "ንጹሕ ፓላዲየም ላይ ግን ምንም አይሆንም። ጋዙ ያርፋል፣ ተነሥቶ ይሄዳል።"

ካልማን፣ አንተን ከዚህ አገር ያስወጣህ ይኸው ዓረፍተ ነገር ነው። አንተ ይሰነጠቃል አልክ፤ ዓለም ሁሉ አይሰነጠቅም አለ። እሷ ይህን አታውቅም። በ83 የዘጠኝ... አይ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔም አልነገርኳትም። እጄን ታጠብኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በሴፕቴምበር አንድ ማክሰኞ ጠራችኝ። ፖታሲየሙንም ኦክስጅኑንም ትክክለኛ መጠን ላይ አድርሳ ዝርጉን ቀስ በቀስ ስታሞቅ የሚወጣውን ጋዝ ኮምፒውተሩ እየሳለላት ነበር። መጀመሪያ አንድ ዝቅተኛ ክብ ጉብታ ወጣ። ከዚያ መስመሩ ትንሽ አረፈና ሁለተኛው ተነሣ፣ ከግራ በኩል ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ ከቀኝ በኩል ገደል። አንተ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ያልከው።

"ይህን አውቀዋለሁ" አልኩ።

"ከየት ያውቁታል? ገና ዛሬ ነው የተወለደው።"

"አውቀዋለሁ" አልኩ እንደገና። ያንን መስመር በማርች 83 ብዕሩ ሲስለው ቀለሙን እየሞላሁ ከጎኑ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሴት የባሏን የእጅ ጽሕፈት እንደምታውቅ አውቀዋለሁ።

በማግስቱ ከምድር ቤታችን፣ ከኮክ ማርማላታው ጠርሙሶች ጀርባ፣ የብስኩት ቆርቆሮውን አወጣሁ። ያኔ አንተን የመረመረው ኮሚቴ ያልወሰዳቸው ጥቅል ወረቀቶች እዚያ ነበሩ። ለምን እንዳስቀመጥኳቸው አትጠይቀኝ። ሬካ የሷን ሥዕል በአንተ ወረቀት መጠን አሳንሳ አተመችው፣ ሁለቱን ደርበን የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፍናቸው። ብርሃኑ በሁለቱም አለፈ። ኮረብታው ኮረብታው ላይ፣ ገደሉ ገደሉ ላይ ተቀመጠ። ሬካ መስመሩን በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለችው።

"ማን ነው የሠራው?" አለች።

"ባለቤቴ።"

"በፖታሲየም?"

"በንጹሕ ፓላዲየም። እሱ እንደዚያ ነበር የሚያምነው።"

ቆርቆሮውን እንዳለ ገለበጠችና የንጽሕና መፈተሻ ወረቀቱን አገኘች፣ ዝርጉ ላይ ምን ምን እንዳለ በኤሌክትሮን የምንለካበትን። ትልቁ የካርቦን ምልክት አለ። ከእሱ በስተግራ፣ ተጠግታ፣ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። በእኔ ጽሕፈት "ካርቦን፣ ጥቂት" ይላል። በአንተ እርሳስ አንድ የጥያቄ ምልክት አለ። ትዝ ይልሃል? "ቪልማ፣ ይህች ከጎን ያለችው ምንድን ናት?" ብለህ ጠይቀኸኛል። "የካርቦኑ ትከሻ ናት እንጂ ምን ልትሆን" አልኩህ። አመንከኝ።

ሬካ ጣቷን ጉብታዋ ላይ አድርጋ "ይህች ካርቦን አይደለችም እትዬ ቪልማ" አለች። "ፖታሲየም ምልክቱን የሚሰጠው እዚህ ነው፣ ከካርቦን ጋር ትከሻ ለትከሻ። ብዙ ሰው ያሳስታል።" ከዚያ የድሮውን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረደችና በማርች ሁለት ላይ የእኔን መስመር አነበበች፤ "የፖታሲየም ምንጩ ተነቅሏል።" ቀና ብላ አየችኝ። "ከተነቀለ ፖታሲየሙ ከየት መጣ?"

መዝገቡን ከእጇ ወስጄ ዘጋሁት።

"እትዬ ቪልማ፣ ተነቅሏል ማለት ምን ማለት ነው?"

"ሽቦው" አልኩ።

"ሽቦው ብቻ?"

"ሽቦው ብቻ።"

አሁን አንተም ታስታውስ ይሆናል። ከአንተ በፊት የነበረው ሰው በፖታሲየም ሲሠራ ስለነበር ያቺ ጣት የምታህል የምንጭ ቱቦ ድስቱ ውስጥ ነበረች። እሷን ለማውጣት ድስቱን መክፈት፣ ከዚያ መልሶ አየሩን መምጠጥና እርጥበቱ እስኪወጣ አምስት ቀን መጋገር ያስፈልጋል። የአንተ ተራ ደግሞ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ደረጃው ላይ ቆመህ፣ ባርኔጣህ በእጅህ፣ "ቪልማ፣ እባክሽ፣ አምስት ቀን ከወሰድሽብኝ ምን ቀረኝ?" አልከኝ። አሳዘንከኝ። ሽቦዋን ነቀልኩና "ተነቅሏል" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልጻፍኩም። ሽቦው ተነቅሏል። መዝገቡን የሚያነብ ሰው ቱቦዋ ወጥታለች ብሎ ቢረዳው... ይኸው፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚምታታብኝ። እንዲረዳው ፈልጌ ነበር? አለቃ እንዳይጠይቀኝ ፈልጌ ነበር። ሶኬቱ ላይ ያልተሰካ ካውያ ልብስ አያቃጥልም ብዬ አስቤ ነበር። ይህን ማሰቤን አውቃለሁ። ሌላ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም።

ሬካ ያስረዳችኝን ልንገርህ። ቱቦዋ የቆመችው ልክ ከዝርጉ ፊት ለፊት ነበር፣ አፏም ዙሪያ ከቀድሞው ሥራ የተረፈ ፖታሲየም ነበረበት። አንተ ዝርጉን ለማጽዳት ፍም እስኪመስል ስታግለው፣ ግለቱ ቱቦዋን ይልሳታል፤ ፖታሲየሙ ይተንና መጥቶ ዝርጉ ላይ ያርፋል። ድስቱ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ኦክስጅን ታጣብቀዋለች። ባጸዳኸው ቁጥር ታቆሽሸው ነበር። በሌላው አገር የሞከሩት ሰዎች እንዲህ ያለ ቱቦ አልነበራቸውም፣ ስለዚህ ምንም አላዩም። የአንተ ግን እውነት ነበር፤ ያየኸው ሁሉ ሆኗል። ንጹሕ ነው ያልከው ብቻ ንጹሕ አልነበረም።

"ጋሽ ካልማን እኮ የእኔን ሥራ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሠርተውታል፣ ሳያውቁት" አለችኝ ሬካ፣ ዓይኗ እያበራ። በዶክትሬት ጽሑፏ ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍል ልትሰጥህ ነው፣ በስምህ። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ ገባኝ፤ ፊቴንም ደስ እንዳለው ሰው አደረግሁት። ውስጤ ግን ምን እንደተሰማው እስከ አሁን ስም አላገኘሁለትም። ልክ የነበረ ሰው ተሳስቻለሁ ብሎ ፈርሞ ሄዷል። ደግሞም ተሳስቶ ነበር። ሁለቱም እውነት ከሆኑ አንተ ጎተቦርግ ላይ የሰው ፍሪጅ ሥር ተንበርክከህ ያሳለፍካቸውን ዓመታት በየትኛው ሒሳብ እንያዛቸው?

ለሬካ የኔ የተፈረመ ቃል ያስፈልጋት ነበር። ያለ እሱ የአንተን ውጤት መጥቀስ አትችልም፤ መዝገቡ ተነቅሏል ይላላ። ከመፈረሜ በፊት ግን አንድ ሰው ከሌላ ሳይሆን ከእኔ እንዲሰማ ፈለግሁ። በኦክቶበር መጀመሪያ ቅዳሜ አውቶቡስ ይዤ ቾፓክ ወረድኩ፣ የያኔው አለቃችን ፕሮፌሰር ሴንትጋሊ ዘንድ። ሰባ ስምንት ሞልቷቸዋል፣ ወይናቸውን አሁንም ራሳቸው ነው የሚለቅሙት። በረንዳው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው አገኘኋቸው።

"ጡረታሽን ልትነግሪኝ ከሆነ ሰምቻለሁ" አሉኝ። "ተቀመጪ። ወይን ቅጂ፣ የዘንድሮው ኮምጣጣ ነው፣ ታገሺው።"

ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው። አጉሊ መነጽራቸውን አምጪ አሉኝ፣ አመጣሁ። ውኃው እስኪቀዘቅዝ አዩት።

"አዲሱ የማን ነው?"

"የሬካ ነው፣ ተማሪዋ። በፖታሲየምና በኦክስጅን።"

"አሮጌው የካልማን ነው" አሉ፣ እኔ ሳልነግራቸው። ከዚያ ጉብታዋን አገኙ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ተነቅሎ አልነበረም እንዴ?"

"ሽቦው ተነቅሎ ነበር።"

እግራቸውን ከውኃው አወጡ፣ ፎጣ ሰጠኋቸው፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ሲያደርቁ ሥራ የያዙ ይመስሉ ነበር።

"ቪልማ፣ ያኔ ሁለት ሰው ነበረኝ። አንዱ አየሁ የሚል፣ ደግሞ ማሳየት የማይችል ወጣት። ሌላዋ በአሥራ ሰባት ዓመት አንዲት የተሳሳተ ቁጥር ጽፋ የማታውቅ ሴት። ኮሚቴው ፊት ጠየቅሁሽ፤ መዝገቡ ተነቅሏል ይላል፣ እውነት ነው ወይ አልኩሽ። እውነት ነው አልሽኝ። ትንሽ ውሸታም ብትሆኚ ኖሮ ካልማንን አምነው ነበር።"

"ይቆጡኝ" አልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

"በዚህ ዕድሜዬ ቁጣ ከየት አምጥቼ? ደግሞስ ተሳስቻለሁ የሚለውን ወረቀት አዘጋጅቼ ፈርም ያልኩት እኔ አይደለሁ?" ፎጣውን አጣጠፉና "ካልማን ፊቴ ቆሞ 'ምናልባት እንዳልኩት አላየሁ ይሆናል' ሲለኝ ትሕትና መስሎኝ ነበር" አሉ። "ራሱን መጠራጠር ጀምሮ ኖሯል።"

ስወጣ አንድ ጠርሙስ ወይን አስያዙኝ። ለአንተ ይሁን ለእኔ አልነገሩኝም። አውቶቡሱ ሐይቁን ታኮ ሲሄድ ጠርሙሱን ጭኔ ላይ ይዤ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሌላው መጣ፣ ከጎኔ የነበረችው ሴት መሐረብ ሰጠችኝ።

ያልጻፍኩልህ አንድ ነገር አለ፤ አንተ የምታውቀው፣ በአሥሩ መስመር ውስጥ ግን ሁለታችንም ያልነካነው። የኮሚቴው ዕለት ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመን ነበር። ነፋስ ነበር። አንተ እኔን ሳታይ "አንቺ ታምኚኛለሽ?" አልከኝ። እኔም "አላውቅም ካልማን" አልኩህ። አልተቆጣህም። ዞር ብለህ የአውቶቡሱን የሰዓት ሰሌዳ እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርክ፣ ከላይ እስከ ታች፣ የእሑዱን ጭምር። በጃንዋሪ ለጉብኝት ብለህ ወጣህ፣ እኔም ሻንጣህን ሳዘጋጅ፣ በዚያ ብርድ፣ የሙቀት ወራት ሸሚዞችህን እንደጨመርክ አይቻለሁ። አልጠየቅሁህም። መዝገብ ቤት ብጠይቅ አሁንም ሚስትህ ነኝ። ይህንንም ምን ማለት እንደሆነ አላውቀውም።

አሁን ወደ ተቋሙ ደብዳቤ ልመለስ። ሬካ በኦክቶበር መጨረሻ "ቱቦዋ ብትገኝ ኖሮ ክርክር አይኖርም ነበር፤ አፏ ላይ ምን እንደቀረ እንለካው ነበር" ብላ ተመኘች። በማግስቱ በመሐረብ ጠቅልዬ አምጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። በደስታ ከመብረሯ የተነሣ ከየት መጣች ብላ አልጠየቀችኝም። ለካችው፤ እንዳለችውም ሆነ።

ዳይሬክተሩ ግን ጠየቁኝ። ባለፈው ሐሙስ ቢሯቸው ጠሩን፣ እኔንና ሬካን። ጨዋ ሰው ናቸው፣ አዲስ ናቸው፣ አንተን አያውቁህም። ስምህን የሚያጠራውን ደብዳቤ ራሳቸው እየጻፉ ነበር። የ83ቱ ውሳኔ ይነሣል፣ ውጤቱ እውነተኛ እንደነበር፣ መንስኤውም ዝርጉ ላይ የነበረው የፖታሲየም ኦክሳይድ እንደሆነ ይገለጻል። ቱቦዋ ጋ ሲደርሱ ብዕራቸውን አነሡ።

"ወይዘሮ ቪልማ፣ ይህች ዕቃ ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበረች?"

"ቤቴ። የስፌት ሣጥኔ ውስጥ።"

አዩኝ። ከዚያ፣ ለእኔ አዝነው ይመስለኛል፣ ዝቅ ብለው ጻፉና አነበቡልን፤ "በጽዳት ወቅት የተገኘች።" ሬካ ጫማዋን ታይ ነበር።

"ይሰርዙት" አልኳቸው።

"ታዲያ ምን ልበል?"

"በጁላይ 1983፣ ድስቱ ለዓመታዊ ጥገና ሲከፈት፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ አውጥታ በጋውኗ ኪስ ወደ ቤት ወሰደቻት ይበሉ።"

"ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሊኖር ይችላል።"

"ካለ እኔን ይጠይቀኝ።"

ብዕራቸውን ብዙ ያዙት፣ ከዚያ ሰርዘው እንዳልኳቸው ጻፉ። ስንወጣ ሬካ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘች፣ ለጉልበቴ ብላ ይሁን ለሌላ አልገባኝም። ያቺ ልጅ ዝም ስትል ከባድ ናት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የወረቀትህን ቁራጭ አያይዤልሃለሁ፣ የጥያቄ ምልክትህ ያለበትን። የአንተ ነው። ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም፤ የትኛውን ለማለት መብት እንዳለኝ መለየት አቅቶኛል። ብትጽፍልኝ ግን ከአንድ መስመር ቢበልጥ ደስ ይለኛል፣ ስድብም ቢሆን።

ሳልህን በማርና በራዲሽ ጭማቂ ያዝ፣ ሲጋራውን ተው። እግዚአብሔር እጆችህን ያበርታልህ፣ የጠገንከው ሁሉ ሳይበላሽ ይቀዝቅዝልህ፣ ባሕሩም ከደጅህ ይልቅ ከሩቅ ይጩህ። የሰው አገር አይክፋብህ።

የተቋሙ ደብዳቤ ሲደርስህ ቱቦዋ ያለችበት መስመር ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ጁላይ ይላል፤ ወሩን ሳትዘለው አንብበው። ኮሚቴው የተቀመጠው ከሦስት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር ነበር፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የጠየቅኸኝም በዚያው ቀን ነው።

ቪልማ